ረጅም ቃል መቁረስ ያስተማሩኝ

ዛሬ ጠዋት እዚህ ፋርማሲያችን ውስጥ የመድኃኒቱን ካርቶን ስንፈታ ያየሽውን ነገር እኔ ራሴ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። አዲስ የገባውን የደም ግፊት መድኃኒት አንስቼ ስሙን ሳነብ፣ አውራ ጣቴ ሳላዘው የቃሉን ግማሽ ሸፈነ። «ሃይድሮ» አልኩ፤ ጣቴን ፈቀቅ አደረግሁ። «ክሎሮ»፤ እንደገና ፈቀቅ። «ታያዛይድ»። አንቺም ሳቅሽና «እንደ ሕፃን ነው እንዴ የምታነቢው?» አልሽኝ። አዎ፣ እንደ ሕፃን ነው። ካርቶን ሲከፈት የሚወጣው የደረቅ ወረቀት ሽታ አንዲት ግቢ ድረስ ይዞኝ ሄደ። ደንበኛ ስለመጣ አልመለስኩልሽም። አሁን ቁጭ ብለናል፤ ልንገርሽ።

ያደግሁት ከቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ብዙም በማይርቅ መንደር ነው። አባቴ የድጓ መምህር ነበሩ። የትውልድ አገራቸው ስማዳ ነው፤ ድጓ ለማስመስከር፣ የመምህርነቱን ምስክር ለማግኘት፣ ወደ ቤተ ልሔም መጥተው በዚያው ቀሩ። ከቤታችን በታች የተማሪዎቻቸው ጎጆዎች ተደርድረው ነበር። ጠዋት ዓይኔን የምገልጠው በዜማ ነው። አንዱ ይጀምራል፤ ሌላው ከሌላ ጎጆ ሌላ ቦታ ይጀምራል፤ ሦስተኛው ይሳሳትና ያቆማል። አባቴ ከደጅ ሆነው «እንደገና» ይሉታል። ቁጣ የለበትም። ስንት ጊዜ «እንደገና» ሲሉ እንደሰማሁ ብትጠይቂኝ ቆጥሬ አልጨርሰውም፤ በዚያ ቃል ውስጥ ነው ያደግሁት።

ሰባተኛ ክፍል ስንገባ ሳይንሱም ሒሳቡም በእንግሊዝኛ ሆነ። ፊደል ለለመደ ልጅ የእንግሊዝኛ ቃል ክፉ ነው። የእኛ ፊደል እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ ይዞ ይመጣል፤ «ሉ» ካየሽ «ሉ» ነው፣ አለቀ። የእነሱ ግን ዝም ብሎ ተሰልፎ ይቆማል፤ የቱ ከየቱ ጋር እንደሚነበብ አይነግርሽም። እኛ አንድ ዘዴ ነበረን፦ የመጀመሪያዎቹን ፊደላት አይቶ የቀረውን መገመት። «ኢን» ብሎ የጀመረ ቃል ሁሉ ለእኛ «ኢንተረስቲንግ» ነበር። መጽሐፉ በሙሉ ኢንተረስቲንግ ሆኖ አረፈ።

የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን በዚያው መስከረም ከእስቴ ተመድባ የመጣች ልጅ ነበረች። ልጅ ማለቴ አሁን ላይ ሆኜ ሳስበው ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። አንድ ሻንጣ፣ የተጠቀለለ ፍራሽና በገመድ የታሰረ የመጻሕፍት ካርቶን ይዛ መጣች። ማረፊያ ስታጣ አባቴ የገብስ ማስቀመጫ የነበረችውን የዳር ክፍላችንን አስጠርገው ሰጧት። በዚያች ክፍል ደጅ ስታልፊ ግድግዳው ራሱ ገብስ ገብስ ይሸታል። ፊት ለፊት «ቲቸር» እያልኩ አንቱ እላታለሁ፤ በልቤ ግን እንደ ታላቅ እህት ነበረች። ጸጉሯን ስትታጠብ ውኃ የማፈስላት እኔ ነበርኩ።

እንዲህ ሆኖ እያለ ነው እንግዲህ እኔ ያሳፈርኳት።

ኅዳር ነው። ውጭው አጨዳ ነው፤ ነፋሱ የገለባ ብናኝ በመስኮት እያስገባ ያስነጥሰናል። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ፣ ሚስማር በወለቀበት ቀዳዳ ሁሉ ፀሐይ እየገባች ጥቁር ሰሌዳው ላይ ትንንሽ ብርማ ነጠብጣብ ትጥላለች። የወረዳው ትምህርት ቤቶች ሱፐርቫይዘር ከርእሰ መምህሩ ጋር ገብቶ የኋላ ዴስክ ላይ ተቀመጠ። ቀጭን፣ ጃኬቱን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ የዘረጋ ሰው ነበር። መምህርቷ መጽሐፉን ከፍታ ምንባቡን ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ስለ ቤተሰብ የሥራ ድርሻ የሚያወራ ምንባብ ነው። መካከል ላይ አንድ ረጅም ቃል መጣ።

«ሪስፖን...» አለች። ቆመች። «ሪስፖንሲ...» እንደገና ከመጀመሪያው ተነሣች። «ሪስፖንሲቢቢሊ...»

መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ከአባቴና ከራሷ በቀር። «ቢቢሊ» የሚለው ነገር ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ኮረኮረኝ፤ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ በሳቅ ፍርስ አልኩ። ከዚያ አጠገቤ ያለችው ሳቀች፤ ከዚያ ረድፉ፤ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ። መምህርቷ ወደ እኔ አየች። ተማሪ እንደሚታይ አላየችኝም፤ ውኃ የምታፈስላት ልጅ እንደምትታይ ነው ያየችኝ። ከዚያ ቃሉን ዘለለችውና እስከ መጨረሻው ድምፅዋ እየቀነሰ አነበበች።

ሲወጡ ሱፐርቫይዘሩ ደጃፍ ላይ ለርእሰ መምህሩ የነገረውን የፊት ወንበር ላይ ያለን ሁሉ ሰምተናል። «ከጥምቀት በኋላ ተመልሼ አያታለሁ» አለው። «ካልተሻሻለች ወደ አንደኛ ክፍል ትውረድና ሌላ ሰው ይፈለግ።»

ያን ዕለት ክፍሏን ዘግታ ዋለች። እናቴ የላከችላትን ምግብ ሰሃኑን እንኳ ሳትከፍተው መለሰችው። በማግስቱ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ አልመጣችም፤ ሦስተኛው ላይ ዓይኗ አብጦ ገባችና ሳትቀመጥ፣ ሳትጽፍ፣ መልመጃ ሰጥታን ወጣች።

ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴ ደጅ ተቀምጠው መቋሚያቸውን በቅቤ ይወለውላሉ። ጠሩኝ።

«ልጅቱ ምን ሆና ነው?» አሉ።

«እኔ እንጃ።»

«እኔ እንጃ?» ቀና ብለውም አላዩኝም። ቀስ ብለው መወልወላቸውን ቀጠሉ። ቢገርፉኝ ይሻለኝ ነበር። በመጨረሻ ሁሉንም ነገርኳቸው፦ ቃሉን፣ ሳቄን፣ ያየችኝን አስተያየት።

አባቴ መቋሚያውን ከግድግዳው አስደገፉ። «እኔ ከስማዳ እዚህ ለማስመስከር ስመጣ» አሉኝ፣ «አንድ መስመር ላይ ሦስት ቀን ወደቅሁ። ቃሉ ይረዝማል፤ ዜማው ይረዝማል፤ ትንፋሼ ያጥራል። ጓደኞቼ ሳቁ። በሦስተኛው ቀን የኔታ ምን አሉኝ መሰለሽ? ‹ቃሉ አልረዘመም፤ አንተ በአንድ ጉርሻ ልትውጠው ፈልገህ ነው። እንጀራ እንኳ ቁረሱ ተብሎ ነው የሚቀርበው።› ያን ቀን ባይሉኝ ኖሮ ስማዳ ተመልሼ አራሽ እሆን ነበር። አራሽነት ክፉ አይደለም፤ ግን አፍሬ ነበር የምሄደው።» ከዚያ በእጃቸው ወደ አጥሩ ሥር አመለከቱ። «በይ ድንጋይ ያዥ።»

የአገራችንን ደንብ ታውቂዋለሽ፤ የበደለ ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚለምነው። ትልቅ ሰው ሲያደርገው አይቻለሁ እንጅ ልጅ ሲያደርገው አላየሁም። አንዲት የዳቦ ያህል ድንጋይ አነሣሁ፤ አንገቴ ላይ አደረግሁና ጎንበስ ብዬ የመምህርቷ ደጃፍ ቆምኩ። ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነበር፤ አፈሩ በአንገቴ ይወርዳል። በሩ ሲከፈት የሚታየኝ ጫማዋ ብቻ ነው።

«ቲቸር፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። «የጀመርኩት እኔ ነኝ።»

«ምን እያደረግሽ ነው! ኧረ ተይ! ኧረ በማርያም!» ድንጋዩን ከላዬ ላይ ነጥቃ ጣለችው፤ ትንሽ ቢቀረው እግሯ ላይ ነበር የሚያርፈው። ከዚያ አቅፋኝ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። አባቴ ከኋላ ሆነው አንድ ጊዜ አሳሉና «ይቅር ለእግዚአብሔር ካላችሁ፣ ያ ቃል ምን እንደሆነ እስቲ ለእኔም ይነገረኝ» አሉ።

ሦስታችንም ከወይራው ሥር ተቀመጥን። መምህርቷ ዓይኗን ጠርጋ ቃሉን በመጽሐፉ ላይ አሳየቻቸው። አባቴ የእንግሊዝኛ ፊደል አያውቁም። መጽሐፉን በትሕትና መለሱላትና «ለጆሮዬ በይው፤ ቀስ ብለሽ» አሏት። እሷ ስትል እሳቸው በጣታቸው ጉልበታቸውን ይመታሉ።

«ሪ። ስፖን። ሲ። ቢ። ሊ። ቲ።»

«ስድስት ነው» አሉ አባቴ። «ስድስት ትንፋሽ። ይኼ ምን አለው? ‹ዘኢይትነገር› ብዬ ተማሪዬን ሳስይዘው አምስት ነው፤ የሚበልጠው በአንድ ብቻ ነው። ይኼ ለአፍ ነው። አሁን ደግሞ ለልብ እንቁረሰው። ‹ዘ› የሚለው ‹የ› ነው፤ ‹ኢ› አፍራሽ ነው፣ ‹አይ› እንደ ማለት፤ ‹ይትነገር› ይነገራል ነው። የማይነገር። ያንችስ ቃል በሆዱ ማንን ይዟል?»

መምህርቷ ቃሉን እንደገና አየችው። ፊቷ ላይ የሆነውን እስከ ዛሬ አያለሁ፤ ብዙ ቀን የጠፋ ቁልፍ ኪሷ ውስጥ እንዳገኘች ሰው ነበር የሆነችው። «ሪስፖንስ» አለች ቀስ ብላ። «መልስ ማለት ነው የኔታ። ከዚያ ‹ኢብል› አለ፤ የሚችል ማለት ነው። መልስ ሊሰጥበት የሚችል፣ ኃላፊ። የመጨረሻው ‹ኢቲ› ደግሞ ስም ያደርገዋል...» ቆመች።

«ኃላፊ–ነት» አሉ አባቴ፣ በጣታቸው አየሩን ከፈል አድርገው። «ያንች ‹ኢቲ› የእኛው ‹ነት› ነው!»

«ኮሌጅ ተምሬዋለሁ እኮ» አለች፤ ግማሽ እየሳቀች። «ፕሪፊክስ፣ ሰፊክስ ብዬ ደብተሬ ላይ ጽፌ ተፈትኜበታለሁ። ለማንበብ ነው ብዬ ግን አስቤው አላውቅም።»

አባቴም ቃሉን ጉሮሯቸውን ጠርገው በአራራይ ዜማ ጀመሩት፦ «ሪ... ስፖን... ሲ...»። ከታች ከጎጆው ሁለት ተማሪዎች አንገታቸውን አወጡ። ቤት ከገባን በኋላ ያስተዋልኩት ነገር ቢኖር፣ መምህርቷ ከመጣች ጀምሮ ከልቧ ስትስቅ ያየሁት ያን ጊዜ መሆኑ ነው። ያ ሳቅ ኀፍረቱን ሁሉ ጠረገው መሰለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት በኋላ ሥራችን ይኸው ሆነ። የሳሙና ካርቶን ለምነን እናመጣለን፤ እኔ በእናቴ መቀስ እንደ ቀበቶ እቆርጠዋለሁ፤ መምህርቷ በጥቁር ፓርከር ትጽፍበታለች። አንዱ ላይ «አን»፣ አንዱ ላይ «ሪ»፣ አንዱ ላይ «ሜንት»፣ አንዱ ላይ «ኤብል»። የሳሙናና የፓርከር ሽታ ተቀላቅሎ ጣቴ ላይ ያድር ነበር። አባቴ ከተማሪዎቻቸው ሲመለሱ አልፎ አልፎ ቆም ብለው ያዩናል። አንድ ቀን ቃሉን ያለ መገጣጠሚያው ቦታ ቆርጬ ስታገል አዩኝና «ቢላዋው መገጣጠሚያውን ካገኘ አጥንት አይሰብርም» አሉኝ፤ ሌላ ምንም ሳይሉ ገቡ።

ከቁርጥራጩ ጋር ክፍል ገባን። ስልሳ ተማሪ፣ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ቁራጭ። መምህርቷ መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ ያን ቃል ጻፈችው። «ይህ ቃል ባለፈው አሸንፎኝ ነበር» አለች፤ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «ዛሬ አብረን እንቆርሰዋለን።» ማንም አልሳቀም። አስተማሪ እንዲህ ሲናገር ሰምተን አናውቅማ። ከዚያ ረጅሙን ቃል በእጇ መዳፍ ትሸፍነውና ከፊቱ ብቻ ታሳየናለች፤ ካነበብን ትገልጥልናለች፤ ካላነበብን «እንደገና»። የአባቴን ቃል ሳታስበው ወስዳዋለች።

ልጆቹ በያዙት ቁራጭ ተጠሩ። «ሜንት» የተባለ ልጅ ነበር፤ ዛሬ ባለ ትዳር ነው፣ ስንዴ ጭኖ አርብ ገበያ ከተማ ሲመጣ ባገኘው «እንዴት ነህ ሜንት?» ነው የምለው። ሚስቱ ለምን እንደሆነ አታውቅም።

ጥምቀት አለፈ። ሱፐርቫይዘሩ እንዳለው ተመልሶ መጣ። ያን ቀን መምህርቷ ያነበበችውን ምንባብ አላስታውስም፤ ሳትደናቀፍ እንዳነበበችው ግን አውቃለሁ፤ እየሰማሁ ጥፍሬን መዳፌ ውስጥ ቀብሬ ነበርና። ሲያበቃ ሱፐርቫይዘሩ ተነሣ። ከኪሱ ጠመኔ አወጣና ሰሌዳው ላይ ከዚህ እስከዚያ የሚደርስ ቃል ጻፈ። «ልጆቹ ያላጠኑትን ያንብቡልኝ እስቲ» አለ። መምህርቷ ክፍሉን አየች፤ ከዚያ እኔን። እኔን ጠራችኝ። ያን ሁሉ ካደረግሁ በኋላ፣ እንጀራዋ በአንድ ቃል ላይ በተንጠለጠለበት ሰዓት፣ እኔን።

ወደ ሰሌዳው ወጣሁ። ቃሉን በሙሉ ሳየው ተራራ ነው። መዳፌን ጫንኩበትና ከፊቱ ጀመርኩ። «ኢንተር» አልኩ፤ መስመር አሰመርኩ። «ኔሽን»፤ መስመር። «አል»። «አይዝ»። «ኤሽን»። አምስት ቁራጭ። ስገጥመው ግን «ኢንተር–ኔሽን–አል...» አልሰማ አለኝ። ጆሮዬ እምቢ አለ። ከውጭ ነፋሱ ቆርቆሮውን ያንኳኳል። አንድ ሰው ቢስቅ እንደሚገባኝ አውቃለሁ። ማንም አልሳቀም።

«ከኋላው ዘመድ ፊደል ሲጨመርበት ድምፁን የሚለውጥ ቃል አለ» ብለውኝ ነበር አባቴ፣ ስለ ግእዙ ሲያስረዱኝ። «ኔሽን» ዘመድ ሲመጣበት ምን ይሆናል? ከሬዲዮ የሰማሁት «ናሽናል» የሚል ነገር ትዝ አለኝ።

«ኢንተር–ናሽናል–አይዜሽን» አልኩ። ከዚያ ዞር ብዬ በአንድ ትንፋሽ፦ «ኢንተርናሽናላይዜሽን!»

ሱፐርቫይዘሩ ጠመኔውን ወደ ኪሱ መለሰ። ከዚያ ወደ መምህርቷ ሄዶ ጎንበስ አለና፣ እኔ አጠገቧ ስለነበርኩ ሰማሁት፣ «እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ ይህን ቃል ስጽፈው ከወረቀት ገልብጬ ነው» አላት። «ቁርጥራጮቹን አንድ ቀን ልዋስሽ፤ ለሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ላሳይ።» ክፉ ሰው አልነበረም። እሱም የሚያስቆርሰው ሰው ያጣ ነበር።

መምህርቷ ሁለት ዓመት አስተማረችን። የስምንተኛ ክፍልን ፈተና አለፍኩ፤ ንፋስ መውጫ ከተማ ቤት ተከራይቼ ሁለተኛ ደረጃ ጨረስኩ፤ ከዚያ ፋርማሲ ተማርኩ። ኮሌጅ ውስጥ የመድኃኒት ስም ያስለቀሳቸው ልጆች ነበሩ። እኔ ግን ስም ሲረዝም ደስ ይለኝ ነበር። መምህርቷ ግን ከሁለቱ ዓመት በኋላ እናቷ ስለታመሙባት ወደ እስቴ ተዛውራ ነበር። የሄደች ዕለት አባቴ መስቀል አሳልመዋት «መምህርት፣ መንገድሽን ያቅናው» አሏት። ሁልጊዜ «ልጄ» ነበር የሚሏት። «መምህርት» ሲሏት ፊቷን አዞረች።

አባቴ ያረፉት ካቻምና ነው። ለመምህርቷ ስልክ ደወልኩላት፤ በማግስቱ ከሰዓት በፊት በሚኒባስና በባጃጅ ተጉዛ ለቅሶ ቤት ደረሰች። ጸጉሯ ጣል ጣል ሽበት አውጥቷል። አጠገቤ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ያልጠበቅሁትን ነገር የነገረችኝ እዚያ ነው።

«ያ ሰውዬ መጀመሪያ በመጣ ማግስት ልሄድ ነበር እኮ» አለችኝ። «ሻንጣዬን ይዤ፣ ገና ሲነጋጋ፣ መንገድ ዳር ተቀምጬ ነበር። የኔታ ከኪዳን ጸሎት ሲመለሱ አዩኝ። ወዴት ነሽ አላሉኝም። አጠገቤ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ብርድ ነበር፤ ጋቢያቸውን አውልቀው ደረቡልኝ። ከአርብ ገበያ የምትመጣዋ ሚኒባስ ስትደርስ ተነሣሁ። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር ብቻ ያሉኝ። ‹ልጄ፣ መኪናው ነገም ያልፋል።›»

ሚኒባሷ ሄደች። ሻንጣውን አባቴ ራሳቸው ተሸክመው፣ እሷ ከኋላ እየተከተለችና የሆነውን ሁሉ እየነገረቻቸው፣ ወደ ግቢያችን ተመለሱ። እኔ በዚያ ሰዓት ተኝቼ ነበር።

እንግዲህ «ልጅቱ ምን ሆና ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ ሁሉንም ያውቁ ነበር ማለት ነው። በራሴ አንደበት እስክናገረው ነው የጠበቁኝ። በሕይወት ሳሉ አንድም ቀን አላነሡትም፤ ለእናቴም አልነገሩም።

«ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ስታልፍ አያት ነበር» አለችኝ መምህርቷ፣ ስለ ሚኒባሷ። «እውነትም ነገም ታልፋለች።» ይህን ብላ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ሁለታችንም ተቃቅፈን አለቀስን። ለቀስተኞቹ ሐዘን የበረታብን መስሏቸው «ኧረ በቃችሁ፣ ተጽናኑ» ይሉን ጀመር። እኛ ምስጋና ነበር የበረታብን፤ ግን በዚያ ሰዓት ይህን ለማን እናስረዳ?